ለሳምሓ የታጠብኩት ውሃ

ከዋሂባ አሸዋ አንሥቶ እስከ ባሕሩ ድረስ ግመል የሚያውቅ ሰው ይቆጠር ቢባል አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውም እኔው ነኝ፤ ሦስተኛው አምና ሞቷል። የእርጉዝ ግመል አረማመድ አይቼ በሆዷ ያለችው ግልገል አድጋ በሩጫ ስንተኛ እንደምትወጣ እናገራለሁ። ስሜ ዲያብ ነው፤ ሰው ግን አቡ ረዓድ ይለኛል። ረዓድ የበኩር ልጄ ነው፤ ነጎድጓድ ማለት ነው። እሱ በተወለደ ቀን ሰማዩ እንዴት እንደጮኸ ብነግራችሁ! ሙስካት ያሉ ነጋዴዎች ጦርነት የተነሣ መስሏቸው ሱቃቸውን ዘግተው ነበር።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ሳምሓን ያደነቅኳት እንደ መንገደኛ ሳይሆን እንደ አዋቂ መሆኑን እንድትረዱልኝ ነው።

ሳምሓ የአጎቴ ልጅ የስሃይል ግመል ነበረች። ስሃይል በሕይወቱ አንድም ነገር አሸንፎ አያውቅም፤ ዕጣ ሲወጣ እንኳ የሱ ስም ያለበት ወረቀት ከሣጥኑ ይጠፋል። ሳምሓ ግን መጣችለት። ቀይ፣ አንገቷ እንደ ጎራዴ የቀጠነ፣ በሰው ፋንታ የሚጋልባትን ሮቦት ጀርባዋ ላይ ሲያስሩባት እንኳ የማትወራጭ። በብርዱ ወራት ለሚደረገው ትልቅ ሩጫ ተመዝግባለች፤ ስሃይልና ሚስቱ ዘዊና ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ኑሯቸውን ሁሉ እሷ ጀርባ ላይ ጭነውታል። ዘዊና የአሸናፊ ግመል አንገት የሚቀባበትን ዘፍራን ከወዲሁ ገዝታለች ይባላል።

አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ በስሃይል መጅሊስ፣ እንግዳ በሚቀበልበት ድንኳን፣ ሩዝ በዓሣ በልተን ተቀምጠናል። አንዱ ጎረቤት ስለ ራሱ ግመል ሲቀባጥር፣ ሲቀባጥር፣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዝም በል አንተ!» አልኩት። «ሳምሓ ስትሮጥ አቧራዋ ገና ሲነሣ እሷ ቤቷ ገብታ ውሃዋን ጠጥታለች። ባለፈው ስትሮጥ ጥላዋ ሊደርስባት አልቻለም፤ ቆሜ ጠብቄ ጥላዋን ወደ ቤት ያመጣሁላት እኔ ነኝ!»

ሳቅ ነበር የጠበቅኩት። አንድ ሽማግሌ የያዙትን ቴምር መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

«ማሻ አላህ በል» አለኝ ስሃይል፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ማሻ አላህ! ማሻ አላህ! ልል ስል እኮ ነው የቀደምከኝ።»

«ቀድመህ ነበር ማለት።»

በኛ ዘንድ የተወደሰውን ዓይን እንዳይበላው ማሻ አላህ ይቀድማል፤ ከውዳሴው ኋላ ከመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሳምሓ መኖ ተወች የሚል ወሬ ደረሰኝ። በሷ ሩጫ ሮጥኩ። ሳልጠራ፣ ጉሮሮዬን እንኳ ሳልጠራርግ ወደ በረቱ ገባሁ። ይህ ነውር ነው። የሩጫ ግመል ምግብ በሚሰናዳበት ሰዓት የአጎት ልጅም ቢሆን አይገባም፤ ቅልቅሉ ምስጢር ነው፤ ወንድም ከወንድሙ ይደብቀዋል። የኔን ቅልቅል ለማወቅ ከዱባይ ድረስ ሰላይ ተልኮብኝ ነበር፤ ሣር ክምር ውስጥ ተደብቆ ግመሌ ግማሹን ልብስ በልታበት እርቃኑን ነው የተመለሰው።

ስሃይል ቁጢጥ ብሎ የቴምሩን ፍሬ እያወጣ ባዶውን በነጭ ዱቄት ይሞላል። አጠገቡ፣ የምትሮጥ ግመል የተሳለችበት ቆርቆሮ። ሳምሓ ተንበርክካ አንገቷን አሸዋው ላይ ዘርግታለች፤ ታናሽ እኅቷ ሪሻ ከጎኗ ቆማ ታሸታታለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ደንግጦ ቆርቆሮውን በልብሱ ጫፍ ሸፈነው። «ምንም። ቫይታሚን ነው። ማዕድን። ለጡንቻ። ባለሱቁ፣ ስመ ጥሮቹ ሁሉ የሚበሉት ይሄንን ነው ብሎኛል።»

«ምን ያህል ትሰጣታለህ?»

«ቆርቆሮው ላይ በትንሽ ማንኪያ ይላል። እሱ ለተራ ግመል ነው። ለሳምሓ በስኒ ነው የምሰፍርላት።»

«በስኒ?! ገዝተህ የምታበላት የከረጢት መኖ ራሱ እኮ ይሄው ማዕድን አለበት። መርፌስ?»

«መርፌማ አልቀረባትም!» አለ በኩራት። «ምን ጎድሎባት!»

የሩጫው ማዕከል ሐኪም ዶክተር ቲጃኒ፣ የሱዳን ሰው ነው፣ አንድ ቀን ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ ስለዚህ ነገር ተጫውቷል፤ ሊማር ነው የመጣው ብላችሁ ብታስቡ አልከለክላችሁም። ሴሊኒየም የሚሉት ማዕድን አለ። ሲያንስ የግመል ጡንቻ ይልፈሰፈሳል። ሲበዛም ይልፈሰፈሳል። የደከመች ግመል አይቶ ጎድሎባት ይሁን ተርፎባት በዓይን የሚለይ የለም። ከኔ በቀር ማለቴ ነው። ግመል ደግሞ ከሌላው ከብት ያነሰ ነው የምትችለው። የሰነፈች መስሎት ሲጨምርላት፣ በጨመረላት ቁጥር ስትሰንፍ፣ ስሃይል እዚህ ደርሷል።

«በዛባት» አልኩት። «በአላህ ይሁንብህ፣ አቁመው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የአጎቴ ልጅ፣ ዓይንህ ያደረገውን በዱቄቴ ላይ አታላክክ።»

በማግስቱ ዘዊና ቤቴ መጣች። ባዶ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዛለች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ ሴቶቻችን ፊታቸውን ከሚሸፍኑበት ጭምብል ውስጥ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«አቡ ረዓድ፣ አንተ ወንድሜ ነህ። ታጠብልኝ።»

ዓይን የጣለ ሰው የታጠበበት ውሃ በዓይን የተበላው ላይ ይፈሳል፤ መድኃኒቱ ይሄ ነው። ታጠብ የተባለ ሰው መግቢያ ቀዳዳ የለውም። እምቢ ካለ ጥፋተኛ ነው፤ እሺ ካለም ጥፋቱን አምኗል።

«ዘዊና፣ እኔ እኮ ወድጃት ነው ያደነቅኳት።»

«ማን ጠልተሃታል አለህ? ዓይን የሚበላው የወደደውን አይደል? የተፋኸውን የቴምር ፍሬ ለቅመን ዘፍዝፈን አጠጣናት፤ አልሆነም። የጠጣህበትን ስኒ አለቅልቀን ሰጠናት፤ አልሆነም። የጠፋብህ ጫማም እኛ ጋ ነው፤ አፉ በለኝ።»

«ጫማዬን አበላችኋት?!»

«አጥበን እጣቢውን ሰጠናት እንጂ! ማን አበላናት አለህ? ደግሞ ያንተን ጫማ ብትበላ ዓይን ሳያስፈልጋት ትሞት ነበር።»

ተቆጣሁ። የምር ተቆጣሁ። ግን ልደብቃችሁ አልችልም፣ ነገሩ ትንሽ ደስ የሚል ጎንም ነበረው። ሌላው ሰው ግመል ለማዳከም ጠንቋይ ለጠንቋይ ይንከራተታል፤ እኔ በአንዲት ቃል፣ ያውም ሩዝ ጎርሼ! ስለዚህ ታጠብኩ። ፊቴን፣ ክንዴን እስከ ክርኔ፣ ጉልበቴን፣ እግሬን፤ ሙሽራም እንዲህ አልታጠበ። ሳፋው ሞልቶ ተረፈ።

ውሃውን ከሳምሓ ኋላ መጥተው ጀርባዋ ላይ ደፉት፤ የቀረውን አጠጧት። ዘዊና፣ ውሃው እስኪሠራ ከወተትና ከሣር በቀር ሌላ ነገር ወደ አፏ እንዳይገባ ብላ ነበር፤ ስሃይልም ሚስቱን ይፈራል። ሳምሓ ተነሣች። አመሰኳች። ስሃይል ቤቴ ድረስ መጥቶ አፍንጫውን ከአፍንጫዬ አነካክቶ ሰላም አለኝ፤ ከዓርቡ ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም ነበር።

የዚያን ሰሞን ዝናዬን ባያችሁት! ከማላውቀው ሰፈር ሁሉ ሰው ጀሪካን ጀሪካኑን እያንጠለጠለ ደጄን ሞላው። አንዱማ መኪናው አልነሣ ብሎት ነው የመጣው።

«መኪናህን እኔ የት አይቼው?» ብለው፣

«ኒዝዋ መንገድ ላይ ቀድሜህ አልፌያለሁ» አለኝ።

ታጠብኩለት። ምን ላድርግ?

ስሃይልን ግን ለብቻው ይዤ ለመንኩት። «አየህ፣ ዱቄቱ ሲቀርባት ነው የተነሣችው።»

«የተነሣችው ስትታጠብ ነው።»

«ሁለቱ ባንድ ቀን ነው የሆነው፣ ሰውዬ!»

«ታዲያ አንተ ምን አናደደህ? ውሃው ያንተ ነው፤ ኩራበት» ብሎ ሳቀብኝ። ስሃይል ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበርና እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ወደ በረቱ ገባ፤ በጾሙ ያመለጣትን ለማካካስ ዱቄቱን በእጥፍ ጀመረላት።

ተመልሳ ወደቀች። የሻኛዋ ጠጉር እንደ አሮጌ ምንጣፍ በእጅ ይነቀል ጀመር። ሰውም ዓይኑ ተመልሶ መጣባት አለ፤ ዘዊናም ሳፋዋን ይዛ ተመልሳ መጣች፤ እኔም ተመልሼ ታጠብኩ። በዚህ ጊዜ ምንም አልሆነም። «ከልቡ አልታጠበም» አሉ። ሰው ከልቡ እንዴት ነው የሚታጠበው?

ንግግር አልሠራ ሲል ወደ ሌብነት ገባሁ። በኛ ዘንድ የሰው ግመል መኖ መንካት የሰው ኪስ ውስጥ እጅ ከመክተት ይከፋል። ያም ሆኖ ቀትር ላይ ሁሉም ሲያሸልብ ገብቼ ቆርቆሮውን ከጀለብያዬ ሥር አደረግኩት። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንደሚባለው ጎንበስ ብዬ በአጥሩ ጥግ ጥግ ስወጣ፣ ዘዊና የታጨደ ሣር ተሸክማ ፊት ለፊቴ ገጭ አለች።

ሆዴን አየችው።

«አቡ ረዓድ፣ ስንት ወርህ ነው?»

«ነፍቶኝ ነው፣ እኅቴ። ትናንት የበላሁት ባቄላ ነው።»

«በሰላም ይገላግልህ። ና እስቲ ላዋልድህ» ብላ ሣሩን አውርዳ ቆርቆሮውን ጎትታ አወጣችው። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛ «ምን በደልንህ?» አለችኝ። «በዓይንህ መታሃት፤ አሁን ደግሞ መድኃኒቷን ልትወስድባት?»

ባዶ እጄን ከግቢው ወጣሁ።

ዶክተር ቲጃኒን የጠራሁት ያኔ ነው። ስሃይል፣ ማዕከሉ ታማለች ብሎ ከሩጫው ያስወጣታል ብሎ ፈርቶ ሲሸሸው ነበር የከረመው፤ አሁን ግን ሳምሓ በጎኗ ተኝታ ጎድኗ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ስለሚል አልከለከለም። ዶክተሩ ተንበርክኮ ልቧን አዳመጠ፣ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ደም ቀዳ።

«እሺ ዞል፣ ምን ምን ትመግባታለህ?» አለው ስሃይልን፤ ዞል በነሱ አገር ሰውዬ ማለት ነው።

ስሃይል እኔን አየኝ። ከኔ ኋላ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ጎረቤቶች አየ። «ሣር፣ ገብስ፣ ቴምር፣ ማር፣ ቅቤ፣ ወተት» አለ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ዱቄት አለ!» ብዬ ጮህኩ። «በስኒ! መርፌም አለ! ዶክተር፣ ከልብሱ ሥር ነው፣ ያውልህ!»

«አዩት አይደል?» አለ ስሃይል። «ዶክተር፣ እርስዎን ያመጣዎት ቅልቅሌን በሰው ፊት ሊያወጣብኝ ነው። ዓይኑ አልበቃውም።»

ከአጥሩ ላይ አንዱ «እውነቱን ነው!» አለ። ሌላው «ታጠብ አንተ!» አለኝ።

ዶክተሩ ከሣርና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይሰጣት፣ ምንም፣ ብሎ ስሃይልን አስጠንቅቆ ወጣ። መኪናው ድረስ ሸኘሁት።

«ደሙ ሙስካት ሄዶ ይመርመር፤ ያኔ በርግጠኝነት እናገራለሁ» አለኝ። «አንተ እንዳልከው ከሆነ ግን ከገላዋ አውጥቼ የምጥለው ነገር አይደለም።»

«መድኃኒት የለህም? ይሄን ሁሉ ሻንጣ ተሸክመህ?»

«ለጎደላት ቢሆን ነበረኝ። ለተረፋትማ ምን ልስጣት? ሰውዬው ይተውላት፤ እኛም እንጠብቅ።»

አቧራው ሳይበርድ ተመልሼ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ስሃይል ጭንቅላቷን ታፋው ላይ አድርጎ ቴምር ያጎርሳታል። ከማንም እጅ አትቀበልም፤ ሣር ዘዊና ብትሰጣት ዞር ትላለች። ከስሃይል እጅ ግን ከንፈሯን ታሾላለች። ቴምሩ በነጭ የተሞላ ነው።

«ስሃይል! ሐኪሙ ምን አለህ? ስሃይል!»

ቀና አላለም። «ደካማ ይጾማል ወይ?» አለ፤ ለኔ ይሁን ለሷ አላውቅም። «ብይ፣ እናቴ። ብይ፣ ዓይኔ። ልብሽ ይበርታ።»

አጥሩ እስከ ደረቴ ነው የሚደርሰው። በወጣትነቴ ከዚህ እጥፍ አጥር ከነግመሌ ዘልያለሁ። ዘልዬ ብገባና ቴምሩን ከእጁ ብነጥቀው ግን ጎረቤቱ ሁሉ ይገለኛል፤ ይገለኛል ብቻ አይደለም፣ ቆርቆሮውን አንሥቶ ቀሪውን ራሱ ያጎርሳታል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጨርሳ እስክትበላ አየሁ።

ሳምሓ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተች። አንገቷን ወደ ኋላ ቆለመመች፣ እግሯን አንዴ ዘረጋች፣ በቃ።

እንደ ሰው ለቅሶ ነው የተሰበሰብነው። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ግራና ቀኜ ባዶ ነው። ያን ዓርብ ቴምራቸውን ያስቀመጡት ሽማግሌ ስሃይልን «አላህ ይተካልሃል» ሲሉት ሰማሁ። «ሪሻ አለችልህ። የሳምሓን ድርሻ ለሷ አብላት።» ስሃይል ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬውኑ እጀምርላታለሁ» አለ።

ስልኬ ጮኸ። ወጥቼ አነሣሁት፤ ዶክተር ቲጃኒ ነው።

«ውጤቱ መጣ፣ አቡ ረዓድ። ልክ ነበርክ። እንዲህ ከፍ ያለ አይቼ አላውቅም። ሌላ ግመል ካለው ቶሎ ንገረው።»

ልክ ነበርክ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል አስቀርጬ በአገሩ ሁሉ አሰማው ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ስመለስ ስሃይል ድንኳኑ መካከል ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እሱ ነው አይደል? ምን አለህ?»

ኪሴን በእጄ ጫን አድርጌ ያዝኩት።

ክንዴን ያዘኝ። በጥፍሮቹ ሥር ነጩ ዱቄት አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እየሰማ፣ «ዲያብ፣ ከኔ እጅ ነው የበላችው» አለኝ። «ከሁሉም እጅ እምቢ ብላ ከኔ እጅ በላች። እኔ ከሆንኩ እኔ ነህ በለኝ። ካልሆንኩም አይደለህም በለኝ። በአላህ፣ አንዱን በለኝ።»

እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር። ከነሐኪሙ፣ ከነደሙ፣ ከነሙስካቱ። የስሃይልን ዓይን አየሁ፤ ይህን ሰምቶ የሚተርፍ ሰው አልነበረም።

«አንተ ማነህና ነው ሳምሓን የምትገድላት?» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ ዝንብ ገድለህ ታውቃለህ? የኔ ዓይን ነው! ሌላ ማን ይችላታል? ሱር ወደብ ቆሜ አንድ መርከብ ሲያምር ብዬ ባየሁት፣ እስከ ዛሬ ባለቤቱ ይፈልገዋል! ይሄን የመጅሊስህን የአየር ማቀዝቀዣ ባለፈው አምሮኝ ነበር፤ እዩት፣ እያለቀሰ ነው!»

ሁሉም ወደ ማቀዝቀዣው ቀና አሉ። ያንጠባጥባል። ድሮም ያንጠባጥብ ነበር። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ከኔ ወደዚያ አራቁት።

ስሃይል ክንዴን ለቀቀኝ። ፊቱ ላይ ጥላቻ ሲገባ ቆሜ አየሁ፤ ከጥላቻው ጋር ትንፋሹም ተመለሰለት።

ሪሻ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። አፌ አሁንም እየሮጠ ስለነበር አላቆምኩትም። «ዱቄቱንም አይቼዋለሁ» አልኩ። «ያን ቀን ሳልጠራ ስገባ። ቆርቆሮው ሲያምር ብያለሁ። መርፌውንም፣ የከረጢቱን መኖም። ማሻ አላህ አላልኩም። ዓይኔ ያረፈበት ነገር ሪሻ አፍ ከገባ...»

አላስጨረሰኝም። ሮጠ። ቆርቆሮው ከአጥሩ ውጭ ሲወድቅ ሰማን፤ ከረጢቱ ተከተለ፤ የመርፌው ጠርሙሶች ተሰባበሩ። በድንኳኑ በር አየሁት፤ ተንበርክኮ በሁለት እጁ አሸዋ ይመልስበታል። ዘዊናም ወጥታ አብራው ትመልሳለች።

ይሄው ነበር እኮ። ለምኜው፣ ተከራክሬው፣ ሰርቄው፣ ሐኪም አምጥቼበት ያልሆነው ነገር። በመጀመሪያው ቀን በረቱ ውስጥ እንደ ዳኛ ቆሜ «በዛባት» ከምለው፣ «ዱቄትህ አምሮኛል» ብለው ኖሮ በዚያችው ሰዓት ቀብሮት ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ነገር ሳሳምር ኖሬ፣ በሚያስፈልገኝ ቀን ባዶ እውነት ይዤ ተገተርኩ።

ለመሄድ ተነሣሁ። ስሃይል በሩ ላይ እጁን እያራገፈ ቆሟል።

«ሻሽህን ዓይንህ ላይ አድርግ» አለኝ። «ሪሻ መውጫው ጋ ናት።»

ሻሼን ፈትቼ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ጠበቅ አድርጌ ከኋላ ቋጠርኩት። አንድ እጅ እጄን ያዘኝ፤ አሸዋማ ነው፤ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። አብረን ወጣን።

«ገመድ አለ፣ እግርህን አንሣ» አለኝ። አነሣሁ።

በበረቱ ጎን ስናልፍ ሪሻ አጠገባችን ተነፈሰች፤ ትንፋሿን ጉንጬ ላይ ሰማሁት። አፏን ስታንቀሳቅስ ሰማሁ መሰለኝ፤ ታመሰኳ ይሆናል፤ ላታመሰኳም ትችላለች። አንዴ ባያት አውቅ ነበር።

«ትበላለች?» አልኩት።

እጄን ጭምቅ አደረገው። «አትጠይቅ» አለኝ። «ዝም ብለህ ሂድ።»